ምጣዱ ባለበት መስመር ላይ አምፑን አትሰኩ

ጥር ሊገባ ነው። ደብረ ማርቆስ ላይ የሠርግ ወር መድረሱን የምናውቀው ቀን ቆጥረን አይደለም። ስፒከር የጫነ ባጃጅ ሲበዛ ነው። ሰሞኑን የደረሱኝ ደብዳቤዎችም ሁሉም የቤዝ ጊታር አምፕ (ድምፁን የሚያጎላው ማሽን) እና ስፒከር ጥያቄ ናቸው። አምስቱን መርጫለሁ። ያልተመለሰላችሁ አትቀየሙኝ። አብዛኞቻችሁ የጠየቃችሁት «ስንት ዋት ይበቃኛል?» ብላችሁ ነው፤ ስለ ዋት በመጀመሪያው ደብዳቤ እነግራችኋለሁ።

«ጋሼ እንደምን አሉ? የምኖረው ፍኖተ ሰላም ነው። ከአራት ጓደኞቼ ጋር የሠርግ ባንድ አለን። እስካሁን ቤዜን የምሰካው ኪቦርዱና ማይኩ በሚወጡበት ስፒከር ላይ ነበር። አሁን ትንሽ ቆጥቤያለሁ። ሁለት ያገለገሉ ስፒከሮች አግኝቻለሁ። አንዱ 15 ኢንች የሆነ አንድ ስፒከር ያለው ነው፤ 600 ዋት ነው ይላሉ። ሌላው 10 ኢንች የሆኑ ሁለት ስፒከሮች ያሉት ነው፤ ጀርባው ላይ 300 ዋት ይላል። ዋጋቸው ተቀራራቢ ነው። ጓደኞቼ ቤዝ ያለው ትልቁ ነው ይሉኛል። የቱን ልውሰድ?»

ወንድሜ፣ ሁለት ባለ 10ሩን ውሰድ። ግን ምክንያቱን ሳታውቅ እንዳትወስደው። ነገ ደግሞ ሌላ ሰው መጥቶ ሌላ ነገር ይነግርሃል።

«ትልቅ ስፒከር፣ ትልቅ ቤዝ» የሚለው ወሬ ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ ነው። እኔም ስንት ዓመት አምኜበት ኖሬያለሁ። እስቲ አስላው። 10 በ10 መቶ ነው፤ ሁለቱ ሲደመሩ 200። 15 በ15 ደግሞ 225። አየር የሚገፋው ወረቀት ስፋት ያን ያህል አይራራቅም። የሚለያያቸው ሌላ ነው። ሳጥኑ ውስጡ ምን ያህል ሰፊ ነው? የአየር ቀዳዳው በምን ልክ ተሠርቷል? ወረቀቱ ሳይጎዳ ወደፊትና ወደኋላ ምን ያህል ይመላለሳል? አምፔግ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እንደ ፈረንጆቹ በ1969 ኤስቪቲ የሚባል ባለ 300 ዋት የቤዝ አምፕ አወጣ። እስከ ዛሬ ስሙ ይነሳል። የእሱ ስፒከር ስምንት ባለ 10 ኢንቾችን በአንድ ሳጥን የያዘ ነው። ፈረንጆቹ ፍሪጅ ይሉታል። ቁመቱም ክብደቱም ፍሪጅ ነው።

አሁን ወደ ዋቱ። ያ 600 የተባለው ምን 600 ነው? ለቅጽበት የሚችለው ነው ወይስ ሌሊቱን ሙሉ የሚችለው? ጀርባው ላይ አርኤምኤስ (ሳያቋርጥ የሚችለው ማለት ነው) የሚል ካልተጻፈ ቁጥሩን አትመነው። እውነት ቢሆን እንኳ በ300 እና በ600 ዋት መካከል ያለው ልዩነት 3 ዴሲቤል (የድምፅ ከፍታ መለኪያ ነው) ብቻ ነው። ለጆሮ «ትንሽ ጨመር አለ» የሚያሰኝ ነው እንጂ እጥፍ አይደለም። ድምፁ እጥፍ ሆኖ እንዲሰማህ ዋቱ ወደ 10 እጥፍ ማደግ አለበት።

ስለዚህ ከዋት በፊት ሌላ ቁጥር ጠይቅ። ስፒከሩ በ1 ዋት፣ በ1 ሜትር ርቀት ስንት ዴሲቤል ይሰጣል? አንዱ 94፣ ሌላው 100 ቢሆን፣ ሁለተኛው በ150 ዋት የሚሰጠውን ድምፅ ለማግኘት የመጀመሪያው 600 ዋት ይበላል። ይህን ሻጩ ላያውቀው ይችላል። የስፒከሩን ሞዴል ጽፈህ ሄደህ ራስህ ፈልገው።

ደግሞ እኛ የምንጫወተው ችክችካ ነው። ትከሻ የሚያነሳው ቤዙና ከበሮው አንድ ላይ ሲመቱ፣ ከዚያም ወዲያው ሲለቁ ነው። ድምፁን የሚጎትት ሳጥን ከያዝክ አንዱ ምት በሌላው ላይ ይተኛል፤ ጨፋሪው እግሩ ይጠፋዋል። ወፍራሟ ክር ክፍቷን ስትመታ 41 ኸርዝ ገደማ ነው የምትሰጥህ፤ በሰከንድ 41 ጊዜ ትርገበገባለች ማለት ነው። አብዛኛው የሠርግ ስፒከር እዚያ ድረስ በደንብ አይወርድም። የምንሰማው በአብዛኛው እጥፉን፣ 82 አካባቢ ያለውን ነው። ስለዚህ «ይወርዳል ወይ?» ከማለት «ቶሎ ይለቃል ወይ?» ብለህ ስማ።

ልትፈትሽ ስትሄድ የራስህን ጊታር ይዘህ ሂድ። ወፍራሟን ክር ጠንከር አድርገህ ምታና ወረቀቱ ፍርፍር ይል እንደሆነ አዳምጥ። ከዚያ አምፑ ጠፍቶ ወረቀቱን በጣቶችህ ዙሪያውን እኩል አድርገህ ቀስ ብለህ ግፋው። የመፋቅ ድምፅ ካለው ኮይሉ፣ ከወረቀቱ ጀርባ ያለው የሽቦ ጥቅል፣ ተጣሟል። ቴስተር ካለህ የስፒከሩን መግቢያ ለካ። 8 ኦም የተባለ ስፒከር በቴስተር ወደ 6 ያሳያል፤ 4 ኦም የተባለው ወደ 3። ምንም ካላሳየ ተቃጥሏል ወይም ሽቦው ተበጥሷል። በመጨረሻ አሽትተው። አትሳቅ። የተቃጠለ ኮይል ሽታው ቶሎ አይለቅም።

አንድ ነገር ልጨምርልህ። 8 ኦም የሆነውን ግዛ። አብዛኞቹ የዛሬ አምፖች ዝቅ ቢል እስከ 4 ኦም ነው የሚችሉት። ዛሬ አንድ ባለ 8 ትገዛለህ፤ ለከርሞ ጥር መንታውን ትጨምራለህ። ሁለት ባለ 8 አንድ ላይ ሲሰኩ 4 ይሆናሉ። ዛሬ ባለ 4 ከገዛህ ግን በሩን ዘጋህ። ኦም ማለት ስፒከሩ ለኤሌክትሪኩ የሚያሳየው እምቢታ ነው። እምቢታው ባነሰ ቁጥር አምፑ ብዙ ይለግሳል። ከልኩ ካነሰ ግን የሌለውን ልስጥ ሲል ይቃጠላል።

ይህን በመጽሐፍ አይደለም የተማርኩት። ከዓመታት በፊት ደጀን አካባቢ ሠርግ ነበረን። ዳሱ ሰፊ ነው፣ ሰው ብዙ ነው። ሁለት ባለ 8 ኦም ስፒከሮች ነበሩኝ። ሌላ ባንድ የተወው ባለ 4 ኦም ጥግ ላይ ቆሟል። «ሦስት ከሁለት ይሻላል» ብዬ ሰካሁት። ድምሩ 2 ኦም ሆነ ማለት ነው። ማን አስልቶ? ሙሽራው ሊገባ ሲል የተጠበሰ ጎማ ሸተተኝ። ከዚያ ጭስ። ሠርጉን ያዳኑት እናቶች ናቸው። ከበሮ አንስተው እልልታውን አቀለጡት፤ እኔ ስክሪፕቱ እንደጠፋበት ተዋናይ ባዶ ጊታር ታቅፌ ቆምኩ።

በነገራችን ላይ የእኔ ሕግ አንድ ነው። ባጃጅ ውስጥ የማይገባ ስፒከር አልገዛም። ሁለት ባለ 10 ከኋላ ወንበር ላይ ይቀመጣል፤ አንተም አጠገቡ።

«አሜሪካ ያለች አክስቴ የቤዝ አምፕ ላከችልኝ። ቡሬ ነው ያለሁት። ጀርባው ላይ 120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ፣ 400 ዋት ይላል። አንድ ጓደኛዬ ትራንስፎርመር ግዛ አለኝ፤ ሌላው ደግሞ ሶኬቱን ብቻ ቀይረህ ሰካው አለኝ። ማንን ልስማ?»

ሁለተኛውን ጓደኛህን ለጊዜው አትስማው። የእኛ መብራት 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው። ለ120 ብቻ የተሠራ አምፕ 220 ላይ ከተሰካ ዕድል ካለህ ፊውዙ ይሞትልህና ትተርፋለህ። ካልሆነ የአክስትህን ስጦታ በአንድ ሰከንድ ትቀብራለህ።

ግን ከትራንስፎርመሩም በፊት ጀርባውን በደንብ አንብብ። «ከ100 እስከ 240» የሚል ካለ ጓደኛህ ልክ ነው፤ የሶኬት ገመዱን ብቻ ቀይር። 115 እና 230 የሚል ትንሽ መቀየሪያ ያላቸውም አሉ። ማብሪያው ጠፍቶ፣ ገመዱ ተነቅሎ መቀየሪያውን ወደ 230 ታዞራለህ። ፊውዙንም ጀርባው ላይ ለ230 በተጻፈው ልክ ትቀይራለህ። ብዙ ጊዜ የ115ቱን ግማሽ ነው። ይህን የሚረሳ ብዙ ነው።

የጻፍክልኝ 120 ብቻ ከሆነ ትራንስፎርመር ያስፈልግሃል። አምፑ 400 ዋት ይበላል ካለ ትራንስፎርመሩ 800 ገደማ ይሁን። 500 የተጻፈበት ሁሉ ሌሊቱን 500 አይሸከምም። አንድ ነገር ደግሞ እወቅ። ትራንስፎርመር ቮልቱን ይቀንሳል እንጂ ኸርዙን አይነካም። አምፕህ ከባድ ከሆነ፣ ውስጡ ትልቅ የብረት ትራንስፎርመር ያለው የድሮ ዓይነት ከሆነ፣ 50 ኸርዝ ላይ ከአገሩ የበለጠ ይሞቃል። ጀርባውን ከግድግዳ አርቀው። በላዩ ጃኬት አታንጥፍበት። በአንድ እጅ የሚነሳ ቀላል ዘመናዊ አምፕ ከሆነ ግን ኸርዙ ግድ አይሰጠውም።

አሁን ወደ ርዕሱ። ሠርግ ቤት ገብተህ መጀመሪያ የምትጠይቀው «ምጣዱ የት ተሰክቷል?» ብለህ ነው። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ 3 ኪሎዋትና ከዚያ በላይ ይስባል። አንተ የምትስበው ከዚያ ጋር ሲተያይ ቁንጣሪ ጨው ነው። እንጀራ ጋጋሪዋ ምጣዱን ስታበራ መብራቱ ይደክማል፤ አምፑም አብሮት፤ ስታጠፋው መልሶ ይዘላል። እኔ ምጣድ ጓዳ ሆኖ፣ ማከፋፈያው ሳሎን ሆኖ፣ መስመሩ አንድ ሆኖ ስንቴ አግኝቼዋለሁ። ጋጋሪዋን አንተ አታዛት፤ እሷ ካኮረፈች ሠርግ የለም። የቤቱን ልጅ ጥራና ሌላ መስመር አስፈልግ። ከጄኔሬተር ከሆነ ደግሞ ጄኔሬተሩ ተነስቶ ድምፁ እስኪረጋ ጠብቅ፤ ከዚያ ሰካ። ነዳጁ ሊያልቅ ሲል ሞተሩ ይንቀጠቀጣል፤ ቮልቱም አብሮት። ነዳጅ የሚጠብቀውን ልጅ ወዳጅህ አድርገው። እኔ ከሙሽራው ሚዜ በላይ የማከብረው እሱን ነው።

«ባሕር ዳር ጣና ዳር ባለ ሆቴል ቅዳሜና እሁድ ማታ ቤዝ እጫወታለሁ። እኔ ራሴን አልሰማም። ጥግ ያሉት ጠረጴዛዎች ግን ቤዙ ጨፈለቀን ይላሉ። የባንዱ መሪ ቀንሺ ይለኛል። ስቀንስ ጭራሽ እጠፋለሁ። አምፑ ለሆቴሉ አንሶ ይሆን?»

እህቴ፣ አምፑን አትንኪው። ቦታውን ቀይሪ።

የወፍራሟ ክር ድምፅ አንድ ሞገድ ከ8 ሜትር በላይ ይረዝማል። ሙሉ ክፍሉን ይዞ ነው የሚንቀሳቀሰው። ግድግዳ ላይ ይደገፋል፣ ጥግ ላይ ይከማቻል። ጥግ ጠረጴዛ የተቀመጠው ሰውዬ የሚሰማው አንቺን ብቻ አይደለም፤ ግድግዳውን ጭምር ነው። ስፒከርሽ አሁን ጥግ ላይ ከሆነ ደግሞ ችግሩን እዚያው እያመረትሽው ነው። ከጥጉ አውጪው። ከኋላ ግድግዳውም በትንሽ በትንሹ እያራቅሽ አንድ ዘፈን ላይ አዳምጪ፤ ግማሽ ሜትር ብቻ ብዙ ይለውጣል።

ራስሽን የማትሰሚው ሌላ ነገር ነው። ስፒከሩ መሬት ላይ ነው፤ አንቺ አንድ ሜትር ፊት ለፊቱ ቆመሻል። የሚሰማው ጉልበትሽ ነው። ጉልበት ደግሞ ጆሮ የለውም። ከባሩ አንድ ባዶ የቢራ ሳጥን ለምኚና ስፒከሩን በላዩ አውጪው፤ ፊቱንም ወደ ጆሮሽ ቀና አድርጊው። ሌላ ጥቅምም አለው። መድረካችሁ ከእንጨት ተሠርቶ ውስጡ ባዶ ከሆነ እሱ ራሱ ከበሮ ነው። ስፒከሩ ከእንጨቱ ሲለይ ጉርምርምታው ይቀንሳል።

ከዚያ ወደ ማዞሪያዎቹ ነይ። ሁሉንም መሃል ላይ አድርጊና ጀምሪ። ብዙ ልጆች ቤዙንና ትሬብሉን ከፍ፣ መሃሉን ዝቅ ያደርጉታል። ቤት ውስጥ ብቻሽን ስትጫወቺ ያምራል። ባንድ ውስጥ ግን ጣትሽ ክሩን የነካበት ድምፅ ያለው መሃሉ ላይ ነው፤ እሱን ከቀነስሽ የሚቀረው ጉርምርምታ ብቻ ነው። «ጨፈለቀን» ሲሉሽ ቮልዩሙን ሳትነኪ ቤዙን ትንሽ ቀንሺ፣ መሃሉን ትንሽ ጨምሪ። መሪያችሁም ቀነሰች ይላል፤ አንቺም ራስሽን ትሰሚያለሽ። ሁለታችሁም ደስ ይላችኋል።

ኪቦርዲስታችሁን ደግሞ እይው። ግራ እጁ ቤዝ ይጫወታል? ወይም ኪቦርዱ ራሱ አብሮ የሚያወጣው ቤዝ አለ? እኛ አገር ይህ የተለመደ ነው፤ ቤዚስት የሌለበት ባንድ ብዙ ስለነበር እጁ ለምዶታል። ሁለት ቤዝ አንድ ክፍል አይበቃቸውም። በፍቅር ንገሪው፤ ቡና ጋብዢው። ካልሰማ ሁለተኛ ቡና ጋብዢው።

አምፕሽ ወደ ሚክሰር የሚሄድ ዲአይ መውጫ ካለው ለአዳራሹ ድምፁን በእሱ ላኪ። የራስሽን አምፕ ለራስሽ ብቻ አድርጊው። እምምም የሚል ድምፅ ከመጣ ዲአይው አጠገብ «ግራውንድ ሊፍት» የምትባል ቁልፍ አለች፤ እሷን ተጫኚ። የሶኬቱን የመሬት እግር ግን ማንም እንዲቆርጥ አትፍቀጂ። ማይኩን በከንፈርሽ ስትነኪ የሚነዝርሽ ከሆነ ዘፈኑን አቁሚና ኤሌክትሪሽያን አስጠሪ። የሆቴሉ ሥራ አስኪያጅ ቢኮሳተርም።

«ዳንግላ ነው ያለሁት። አምፑን ከስፒከሩ ጋር በጊታር ገመድ ማገናኘት ይቻላል? ጃኩ ይገባል እኮ።»

ይገባል። የጎረቤትህ ቁልፍም አንዳንዴ በርህን ይከፍታል።

የጊታር ገመድ ውስጡ ቀጭን ሽቦ ነው፤ በዙሪያው መከላከያ ተጠቅልሎበታል። ከጊታር የሚወጣውን ደካማ ድምፅ ይሸከማል። ከአምፕ ወደ ስፒከር የሚሄደው ግን ጉልበት ነው። ገመዱ ይሞቃል፤ ፕላስቲኩ ከቀለጠ ሁለቱ ሽቦዎች ይነካካሉ። ቀጥሎ የሚሞተው አምፑ ነው። ወፍራም ባለ ሁለት ሽቦ ገመድ፣ 1.5 ወይም 2.5 የሚሉትን፣ ገዝተህ ጃክ አስበይድበት። አምፕህ የቲዩብ፣ ማለትም እንደ አምፖል በሚበሩ የመስታወት ቱቦዎች የሚሠራ፣ ከሆነ ደግሞ ስፒከር ሳይሰካበት በጭራሽ አታብራው።

«ሞጣ ውስጥ የእንጨት ሥራ ቤት አለኝ። ዕድሜዬ 60 አልፏል። ለወረዳችን ልጆች ሁለት የቤዝ ሳጥን አንድ ዓይነት አድርጌ ሠራሁ። ለየብቻ ሲሰሙ ጥሩ ናቸው። አብረው ሲሰኩ ግን ቤዙ ይጠፋል። እንጨቱ ይሆን ጥፋቱ?»

ጋሼ፣ እንጨቱም እጅዎም ጥፋት የለባቸውም። የአንዱ ሳጥን ሽቦ ተገላብጧል። አንዱ ወረቀት አየሩን ሲገፋ ሌላው ይስባል፤ እርስ በርስ ይጣፋሉ። በቀላሉ ያገኙታል። አምፑን ይንቀሉና ተራ የባትሪ ድንጋይ፣ ባለ 1.5 ቮልቱን ይያዙ። የድንጋዩን ጉብታ ከስፒከሩ ቀይ ምልክት፣ ጠፍጣፋውን ከጥቁሩ ጋር ለአንድ አፍታ ያነካኩ። ወረቀቱ ወደ ውጭ ብቅ ማለት አለበት። በአንዱ ሳጥን ብቅ ብሎ በሌላው ወደ ውስጥ ከገባ፣ የዚያኛውን ሁለት ሽቦ ይቀያይሩ። አለቀ።

ለወደፊቱ አንድ ሁለት ነገር ልበል። ቺፕውዱን ይተዉት። ርካሽ ነው፤ ግን ክረምት ላይ እርጥበት ሲጠጣ ያብጣል፣ ብሎኑም አይይዝም። 18 ሚሊሜትር ኮምፔንሳቶ ይጠቀሙ። ከውስጥ ከጎን ወደ ጎን አንድ አግዳሚ እንጨት ያስገቡ፤ ግድግዳው እንዳይርገበገብ። መገጣጠሚያውን ሁሉ በኮላ ይዝጉ። አየር የሚያሾልክ ሳጥን ያፏጫል፤ ቤዙም ይደክማል። የአየር ቀዳዳውን ደግሞ ለውበት ብለው አያጥብቡት፣ አያስረዝሙትም። ስፋቱና ርዝመቱ ከሳጥኑ መጠን ጋር ተሰልቶ ነው የሚሠራው። ስፒከሩ ከተቀየረ ስሌቱም ይቀየራል፤ የድሮውን ሳጥን ልኬት ለአዲሱ ስፒከር ዝም ብለው አይገልብጡት።

እና እጀታ። አንድ ከላይ አያድርጉ፤ ሁለት ከግራና ከቀኝ ይሁን፣ ከመሃል ትንሽ ከፍ ብሎ። ሳጥኖችዎ አይሱዙ ላይ ተጭነው አባይ በረሃን ሲወርዱና ሲወጡ ከላይ ያለች አንዲት እጀታ ትነቀላለች። የእኔ ተነቅላ ደጀን ላይ ስፒከሩን በሻሽ አስሬ ነው ያወረድኩት።